ኮንሰርት ወይስ ባንድ ያለበት ቤት? ብራችሁን የት ታወጡታላችሁ

በዓል በደረሰ ቁጥር ቴሌግራሜ በፖስተር ፎቶ ይሞላል። ወዳጆቼ «ይሄን ኮንሰርት ልግባ?» ይላሉ። ፖስተሩ ላይ የዘጠኝ ዘፋኝ ፊት ተደርድሯል። መልሴ አይለወጥም፦ ብራችሁን ያዙና ባንድ ያለበት ትንሽ ቤት ሂዱ። ምክንያቱን እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ከሒሳቡ እንነሳ። የኮንሰርቱ መግቢያ 2000 ብር ነው እንበል። ፖስተሩ ላይ ያሉት ዘጠኝ ናቸው፤ እናንተ የሄዳችሁት ግን ለአንዷ ነው። እሷ አራት ዘፈን ዘፍና ትወርዳለች። አንዱ ዘፈን 500 ብር ወጣበት ማለት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀምራል የተባለው እስከ 3 ሰዓት ዲጄ ነው። ውስጥ የሚሸጠው ውሃ ከሱቁ እጥፍ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሁሉም እኩል ሲወጣ ታክሲው የሚጠራውን ዋጋ የሞከረው ያውቀዋል።

አራት ብቻ የምትዘፍነው ሰስታ አይደለም። ዘጠኙን ሁሉ የሚያጅበው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባንድ ነው። እያንዳንዱ ዘፋኝ ሦስት አራት ዘፈን ይሰጣል፣ ባንዱም የተለማመደው እነዚያን ነው። ሕዝቡ የድሮ ዘፈኗን እየጠራ ቢጮህም ጊታሪስቱ አያውቀውም። ከዚህ የባሰው ፕሌይባኩ ነው፤ የተቀዳው ዘፈን ተከፍቶ ዘፋኙ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ ድምፁ ካልተቋረጠ፣ የከፈላችሁት ስልካችሁ ላይ በነፃ ለምትሰሙት ነገር ነው።

አሁን ትንሹን ቤት እዩት። መግቢያ 300፣ ሁለት መጠጥ 400፣ በድምሩ 700 ብር እንበል። ባንዱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ መሀል ላይ አርፎ፣ እስከ 7 ሰዓት ይጫወታል። ሃያ አምስት ዘፈን ብትሰሙ አንዱ 28 ብር ነው። 500 እና 28!

የዘፈኑ ዝርዝርም የተቆረጠ አይደለም። ዘፋኟ ጠረጴዛዎቹን አይታ ነው የምትወስነው። በትዝታ ትጀምራለች፣ ቤቱ ቀዝቀዝ ካለባት ወደ ጉራጊኛው ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ይገፋል። የምትፈልጉት ዘፈን ካለ ሶፍት ላይ ጻፉና በአስተናጋጁ ላኩት። ኪቦርዲስቱ አንብቦ ወደ ቤዚስቱ ዞር ብሎ ቅኝቱን በከንፈሩ ሲነግረው ታያላችሁ። ሁለት ቁልፍ ነካ ያደርጋል፣ ተጀመረ። አዝማሪ ቤት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ዝርዝር የለም። ግጥሙ የእናንተው ሸሚዝና መላጣ ነው። ሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ግን ያዙ። መቶ ብር ብቻ ይዞ መልስ መጠየቅ ያሳፍራል።

ውጭ አገርም አድናቂዎች የሚነታረኩት በዚሁ በዘፈን ዝርዝር ነው። አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ተጫውቷል፣ ሕዝቡ በካርቶን ጽፎ የሚያነሳለትንም ዘፈን ይቀበላል። የቴይለር ስዊፍት «ኢራስ» የኮንሰርት ጉዞ ከሦስት ሰዓት በላይ ቢሆንም ዝርዝሩ በአብዛኛው አንድ ነበር፤ በየምሽቱ የሚቀያየሩት በድንገት የሚመጡት ሁለት ዘፈኖች ነበሩ። መብራቱ፣ ስክሪኑና ተወዛዋዦቹ በሰከንድ የተሳሰሩበት መድረክ ላይ እንደልብ መቀያየር ይከብዳል። የሮክ ባንዱ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ምሽት ሲጫወት ዘፈን አይደግምም። ሸጋ ነው፣ ግን ሁለት ትኬት!

ትንሹ ቤት እንከን የለውም አላልኩም። ድምፁ አንዳንዴ ጆሮ ይበሳል፣ የምትሰሙትም በብዛት የሌላ ሰው ዘፈን ነው። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምር እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። አለዚያ 15 በመቶ ቫቱ ብቻ ሒሳቡን ሌላ ያደርገዋል። ቤቶቹም አይበረክቱም። ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በ2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። የካዛንቺሱ ፈንድቃም ሰፈሩ ሲፈርስ ከቦታው ተነሳ። ስለዚህ ሳትደውሉ አትውጡ።

ፎርጅድ ትኬት የሚባል መዓትም አለ፣ ትንሽ ቤት የማያውቀው። ጓደኛዬ ስታዲየም አካባቢ ከአንድ ልጅ «በቅናሽ» ሁለት ትኬት ገዛ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማህተሙ ቆንጆ ነው። በር ላይ ሲታይ የሁለቱም ተከታታይ ቁጥር አንድ! ምራቅ የነካው አውራ ጣት ሲያልፍበት ደግሞ ቀለሙ ለቀቀ። ኪውአር ኮድ ያለውም አያድንም። ፎቶውን ለአምስት ሰው ይሸጡታል፣ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ አራቱ «ገብቷል» ይባላሉ። ብር የሚመልስ የለም። ከአዘጋጁ በራሳችሁ ስልክ በቴሌብር ግዙ፣ የትኬታችሁንም ፎቶ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ።

አዳራሽ የምገባው በአንድ ሁኔታ ነው፦ አንድ ዘፋኝ አዲስ አልበም አውጥቶ ከራሱ ባንድ ጋር ብቻውን ሲቀርብ። ያኔ ባንዱ አልበሙን ሙሉውን አጥንቷል፣ የድሮዎቹም ይጨመራሉ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሄድ አይገርምም። 2000 ብሩ ለሃያ ዘፈን ሲካፈል 100 ብር ነው፣ ይሁን። ቪአይፒውን ግን ተዉት። እጥፍ ከፍላችሁ የምታገኙት ጠርሙስ ካልገዛችሁ የማያስቀምጥ ጠረጴዛና የጎን ስፒከር ነው። ሬጉላር ግቡና ሳውንድ ማኑ ሚክሰሩን ከዘረጋበት አጠገብ ቁሙ። ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነው።