የወርቅ ናኖቅንጣት ለመሥራት፦ ሲትሬት ወይስ ቦሮሃይድራይድ?

ሁለቱም በውሃ የሟሟን ወርቅ ወደ እጅግ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች የሚለውጡ ኬሚካሎች ናቸው። አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ተለጥፎበት ለፈጣን የምርመራ ስትሪፕ የሚውል ወርቅ ከተፈለገ ምርጫው ሲትሬት ነው። ኬሚስቱ ቱርኬቪችና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ዛሬም አልተረሳም። 20 ሚሊሊትር የ1 ሚሊሞላር ክሎሮኦሪክ አሲድ (ወርቁን የያዘው ውህድ) ይፈላል፤ እየተማሰለ 2 ሚሊሊትር 1 በመቶ ትራይሶዲየም ሲትሬት በአንድ ጊዜ ይጨመርበታል። ቢጫው ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቅንጣቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር ናቸው። ሲትሬቱ ላያቸውን የያዘው ላላ አድርጎ ስለሆነ ለፕሮቲን ቦታ ይለቃል።

ቀዩ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብርጭቆ ዕቃው ነው፤ በ3 እጅ ሃይድሮክሎሪክና በ1 እጅ ናይትሪክ አሲድ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር ታጥቦ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ይለቅለቅ። ጨውም ያጣብቃል፤ እርስ በርስ የሚያራርቃቸውን ኤሌክትሪካዊ ግፊት ይሸፍናልና። ስለዚህ ፕሮቲኑ ሳይለጠፍ ጨዋማ በፈር (የአሲድነት መጠንን የሚያረጋጋ ፈሳሽ) መጨመር ሥራውን ያበላሻል።

ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ማፍላት አይጠይቅም። ኃይለኛ ስለሆነ ለሟሟው ወርቅ ኤሌክትሮን ሰጥቶ በቅጽበት ወደ ጠጣር ወርቅ ይለውጠዋል፤ 5 ናኖሜትር የማይሞሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ለወርቅ ናኖዘንግ (የዘንግ ቅርጽ ላለው ቅንጣት) ዘር፣ ማለትም የማደጊያ መነሻ፣ የሚሆነው ይሄ ነው። ቦሮሃይድራይዱ ውሃ ውስጥ እየፈረሰ ሃይድሮጅን ስለሚለቅ በበረዶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ሊጨመር ሲል ብቻ ይበጥበጥ፤ ዕቃው በጥብቅ አይከደን። ዘሩም በዚያው ዕለት ሥራ ላይ ይዋል።