ሀብት፣ ግዛትና መንፈሳዊ ጉዞ በእንግሊዝኛ፦ የአንድ የደብረ ብርሃን የምሽት ኮርስ ግምገማ

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛን በምሽት የሚያስተምሩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ የሚያስተምሩት ግን ግራመር ነው። ተማሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመላለስበት የኖረውን የግሥ እርባታ እንደገና ገንዘብ ከፍሎ ይማራል፣ የምስክር ወረቀቱን ይቀበላል፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር ሲገናኝ ግን ሰዋስዉ ቀርቶ ቃሉ ራሱ ያጥረዋል። እዚህ የምገመግመው ኮርስ ከእነዚህ የሚለየው ቃላትን ብቻ ለማስተማር የተዘጋጀ በመሆኑና እያንዳንዱን የቃላት ስብስብ በአንድ ታሪካዊ ትረካ ውስጥ አድርጎ በማቅረቡ ነው። እኔ የተከታተልኩት ሀብትን፣ ሰፋፊ ግዛቶችንና መንፈሳዊ ጉዞን የሚመለከተውን ክፍል ስለሆነ ግምገማዬም በእሱ ላይ ይወሰናል።

የክፍሉ ትረካ የማሊው ንጉሥ የማንሳ ሙሳ ታሪክ ነው። ማንሳ ሙሳ እ.ኤ.አ. ከ1312 ገደማ እስከ 1337 ገደማ በምዕራብ አፍሪካ የነገሠ፣ በ1324 ለሐጅ ወደ መካ ሲጓዝ ካይሮ ላይ ባደለው ወርቅ ዝናው እስከ አውሮፓ የተዳረሰ ሰው ነው፤ በ1375 በተሣለው የካታላን ካርታ ላይ ዘውድ ደፍቶ፣ ወርቅ በእጁ ይዞ ተቀምጦ ይታያል። ምርጫው ብልህነት ያለበት ነው። ስለ ሀብት የሚነገሩት ቃላት ከምዕራብ አፍሪካዎቹ የወርቅ ምድሮች ከባምቡክና ከቡሬ ከሚወጣው ወርቅና ከታጋዛ በረሃ ከሚመጣው ጨው ጋር፣ ስለ ግዛት የሚነገሩት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሱንዲያታ ከመሠረተው መንግሥት ጋር፣ ስለ መንፈሳዊ ጉዞ የሚነገሩት ደግሞ ሰሐራን አቋርጦ ከተጓዘው ሲራራ ጋር ተያይዘው ስለሚመጡ፣ ሦስቱ የቃላት ቤተሰቦች በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ይገናኛሉ። በተናጠል ቢጠኑ በሳምንቱ የሚረሱት ቃላት የታሪኩን ፈለግ ተከትለው ይታወሳሉ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። መምህሩ፣ በተማሪዎቹ አጠራር ቲቸር፣ ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ በአጭሩ ያወራሉ፤ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ቀስ ብለው ያነባሉ፤ ተማሪው ደግሞ በታደለው ሃንድአውት ላይ አዲስ ቃላትን ያሰምራል፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ተገልብጦ እያንዳንዱ ሰው ታሪኩን በራሱ እንግሊዝኛ መልሶ ይናገራል። የመጨረሻው እርምጃ ለብዙዎች አስፈሪ ነው፤ ዝም ማለት ግን አይፈቀድም። አንድ ሰው ቃል ሲጠፋው መምህሩ ቃሉን አይነግሩትም፤ በሌላ ቃል ዙሪያውን እንዲሄድ ያደርጉታል። እኔ ካየኋቸው የማስተማሪያ ዘዴዎች ሁሉ ለአዋቂ ተማሪ የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በይዘት በኩል ጠንካራው ነገር ቃላት ከእነ ተጓዳኞቻቸው መሰጠታቸው ነው። ሃንድአውቱ «ፒልግሪሚጅ» የሚለውን ስም ለብቻው አይሰጥም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከዚህ ስም በፊት «ሜክ» ወይም «ጎ ኦን» የሚሉትን እንደሚያስቀድም፣ ተጓዡ ደግሞ «ፒልግሪም» እንደሚባል አብሮ ያሳያል። «ዌልዝ» እንደ ውኃ የማይቆጠር ስም እንደሆነ፣ «ፎርቹን» ግን ፊቱ ላይ «ኤ» ይዞ እንደሚቆጠር፣ ፎርቹንን በማከማቸት ላይ የሚውለው ግሥ ብዙ ጊዜ «አማስ» እንደሆነ በምሳሌ ተብራርቷል። ከዚህ በፊት ማንም ነግሮኝ የማያውቀው ዓይነት ትምህርት ነው፤ የመዝገበ ቃላት ትርጉም በልቡ ያለው ሰው እንኳ አፉን ሲከፍት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ከሁሉ የበለጠ ያረካኝ ስለ ካይሮ ገበያ የተሰጠው ትምህርት ነው። ማንሳ ሙሳ ካይሮን ካለፈ 12 ዓመት ያህል ቆይቶ የጻፈው የደማስቆ ተወላጁ አል ዑመሪ እንደሚለው፣ ከጉዞው በፊት አንድ ምስቃል (የወርቅ መመዘኛ ነው) ወርቅ ከ25 የብር ድርሃም በታች አይወርድም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ22 ድርሃም የማይበልጥ ሆነ። ወርቁ በገበያው ውስጥ ስለበዛ ዋጋው ረከሰ ማለት ነው። መምህሩ ከዚህ ተነሥተው «ቫልዩ»፣ «ሰፕላይ»፣ «ፎል» እና «ኢንፍሌሽን» የሚሉትን ቃላት ሲያስተምሩ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ነቃ፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የእህል ነጋዴ ያለ ማንም ጠያቂ ተነሥቶ ስለ ጤፍ ዋጋ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። ግራመሩ የተሰባበረ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለሁላችንም ደርሷል። (ስለ ጤፍ ዋጋ ለመናገር የደብረ ብርሃን ሰው በየትኛውም ቋንቋ ብርታት አያጣም።)

ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ሃንድአውቱ የተነገረውንና የተረጋገጠውን አንድ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከንጉሡ ጋር 60,000 ሰው እንደተጓዘ በደረቁ ይጽፋል፤ ይህ ቁጥር ግን የሚገኘው ከጉዞው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ቲምቡክቱ ላይ በተጻፈ የታሪክ መዝገብ ውስጥ ነው። የሀብቱንም መጠን በዛሬ ዶላር ተምኖ «በዓለም ታሪክ ከሁሉ የበለጠው ሀብታም» ይለዋል፤ የወርቅ ማዕድንን የሚቆጣጠር የ14ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሀብት በዛሬ የባንክ ሒሳብ የሚሰላበት መንገድ የለም። ይህን የማነሣው ታሪክ ለማረም ብቻ አይደለም። እኛ «ይባላል» የምንለውን እንግሊዝኛው «ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ» በሚል አነጋገር ይገልጸዋል፤ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ይህን አነጋገር ለማስተማር ከሁሉ የተሻሉ ምሳሌዎች ሆነው ሳለ ክፍሉ በዝምታ አለፋቸው።

ሁለተኛው ጉድለት የአነባበብ ጉዳይ ነው። ሃንድአውቱ ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ በፊደላችን ድምፁን ይጽፋል፤ ሐሳቡ ደግ ነው፣ አፈጻጸሙ ግን ግድ የለሽ ነው። መጨረሻው «ሚጅ» ተብሎ የሚነበበው ፒልግሪሚጅ «ፒልግሪሜጅ» ተብሏል። ወራሽ ማለት የሆነው «ኤር» የመጀመሪያ ፊደሉ እንደማይነበብ የሚያውቅ ሰው ስላላየው «ሄይር» ሆኖ ታትሟል። በዌልዝ መጨረሻ ያለው ድምፅ በፊደላችን የማይጻፍ መሆኑንና ምላስን በጥርሶች መካከል አውጥቶ ማሳየት እንደሚያስፈልግ የተገለጸበት ቦታ የለም። በአንጻሩ «ትሬዠር» ለእኛ ምንም ሊከብደን የማይገባ ቃል ነው፤ ዠ የራሳችን ፊደል ሆኖ እያለ ወረቀቱ በ«ጀ» ጽፎታል። መምህሩ ራሳቸው በትክክል ስለሚያነቡ ክፍል ውስጥ የተገኘ ሰው አይጎዳም፤ ቤቱ ሆኖ ከወረቀቱ የሚያጠና ግን ስሕተቱን ያጠናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ቅሬታዬ ቃላቱ ማሊ ላይ መቅረታቸው ነው። አንድ ምሽት ዲያቆን የሆነ ወጣት «ቲቸር፣ ጻድቃኔ መሄድስ ፒልግሪሚጅ ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣች ሌላ ተማሪ ቀበል አድርጋ አባቷ ሐጅ ያደረጉ ጊዜ የሆነውን መናገር ጀመረች። መምህሩ ሁለቱንም በትሕትና አስቁመው «ይባላል፤ አሁን ወደ ገጻችን እንመለስ» አሉ። በዚያች ሰዓት ኮርሱ ሊሰጠን የሚችለው ትልቁ ነገር ከእጃችን ወጣ። በሰላ ድንጋይ በኩል ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚወርደውን ሰው፣ ነሐሴ 24 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስን የሚሞላውን ምእመን፣ መካ ደርሰው የተመለሱትን አባት በእንግሊዝኛ መግለጽ ካልቻልን ፒልግሪምን መማራችን ለምን ይጠቅመናል?

ስለ ግዛትና ስለ ንግድም ቢሆን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ስለ ማንሳ ሙሳ የጻፈው ያው አል ዑመሪ ስለ ይፋትና በዘመኑ ስለነበሩት ሌሎች የኢትዮጵያ ሙስሊም ግዛቶችም ጽፏል፤ በሸዋ የነገሡት ዐፄ ዐምደ ጽዮን ደግሞ ከ1314 እስከ 1344 ስለገዙ ከማሊው ንጉሥ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። «ትሪቢዩት» የሚለውን ቃል ይፋት ለዐምደ ጽዮን ይገብር በነበረው ግብር፣ «ሬይን» የሚለውን ደብረ ብርሃን ላይ በተቀመጡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ «ካራቫን» የሚለውን ከአንኮበር ሥር ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ማስተማር ይቻላል። ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ አልዩ አምባ ላይ ይራገፍ፣ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ የታጋዛን ጨው ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ከተማሪዎቹ መካከል የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ለእንግዶች የማስጎብኘት ሐሳብ ያላቸው ስለነበሩ፣ ጉዳዩ ለእነሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለ አገልግሎቱ ብዙ የምለው የለም። ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ መሆኑ ለመንግሥት ሠራተኛና ለፋብሪካ ሠራተኛ ይመቻል። ክፍያው በየወሩ ስለሚከፈል ያልተመቸው ሰው አቋርጦ መውጣት ይችላል፤ ሃንድአውቱ ግን ለብቻው ያስከፍላል፣ ይህም ሲመዘገቡ አይነገርም። ወረቀቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ የካታላኑ ካርታ ሥዕል ጠቁሮ ንጉሡም ወርቁም አይለዩም። መብራት ሲጠፋ የድምፅ ልምምዱ ይቀራል። የክፍሉ መስኮት በደንብ ስለማይዘጋ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚማር ሰው ጋቢ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ኮርሱ የሚጠቅመው ማንበብ ለሚችል፣ ግን ለመናገር ቃል ለሚያጥረው ሰው ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የተጠየቀው ክፍያ ተገቢ ነው እላለሁ። ፊደል ቆጥሮ ገና አረፍተ ነገር መሥራት ላልጀመረ ሰው ግን ፍጥነቱ ከባድ ስለሆነ አልመክርም። የምትመዘገቡ ከሆነ የንባቡን የድምፅ ቅጂ በስልካችሁ እንዲጭኑላችሁ ጠይቁ፤ በወረቀቱ ላይ ያሉትን የአነባበብ ስሕተቶች የምታርሙት በእሱ ነው፣ ለጠየቀም በነፃ ይሰጣሉ፣ ሳይጠየቁ ግን አይናገሩም።