አልሞት ባዩ ቲመክስ

ቲመክስን፣ ማለትም በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራን ሥራ የሚይዝ ፕሮግራም፣ መጠቀም የጀመርኩት ወድጄ አይደለም፤ ተቃጥዬ ነው። እኩለ ሌሊት አልፏል፤ አንድ ትልቅ ዳታቤዝ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር እየገለበጥኩ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርኩ ድርግም አለ። ከሰርቨሩ ጋር በርቀት ያገናኘኝ ኤስኤስኤች ተቋረጠ፣ ግልበጣውም አብሮት ሄደ። እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ያየኝ ባልደረባዬ «አንተ፣ ይሄን ሁሉ ያለ ቲመክስ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ። ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀብኝ ነው።

ይኸው 6 ዓመት ሆነኝ። በየቀኑ ስለምከፍተው ምስጋናውም ቅሬታውም ተጠራቅሟል።

ብዙ ሰው ቲመክስን የሚያውቀው ስክሪን መክፈያ አድርጎ ነው። አንዱ ተርሚናል ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ይከፈላል። ያማ ትንሹ ነገር ነው። ለእሱ ብቻ ከሆነ አትድከሙ፤ የተርሚናላችሁ ታብ ይበቃችኋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ዓይናችሁ የሚያየው መስኮት ተራ ደንበኛ ነው፤ ሥራው የሚካሄደው ከጀርባ በተቀመጠው የቲመክስ ሰርቨር ውስጥ ነው። መስመር ቢቆረጥ፣ ላፕቶፑ ቢዘጋ፣ የሚጠፋው ደንበኛው ነው። ሰርቨሩ ደንታም የለው። ተመልሳችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ሁሉም በነበረበት ይጠብቃችኋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ስክሪን የሚባለው ታላቅ ወንድሙ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። ኒኮላስ ማሪዮት ቲመክስን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ከ2 ዓመት በኋላ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ገባ።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? እዚያው ነው። የማይሞት ነገር አይረሳም።

ፕሪፊክስ (ቲመክስን የሚጠራው የቁልፍ ጥምር) ተጭናችሁ ኤክስን ስትነኩ ቲመክስ «ይህን ፔን ልዝጋው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፔን ማለት የተከፈለው ስክሪን አንዱ ክፍል ነው። ዋይ (y) ትላላችሁ፣ ይዘጋል። ጥያቄው አሰለቸኝና ሳይጠይቅ እንዲዘጋ አደረግኩት። ጎበዝ ነኛ! በ3ኛው ቀን ሎግ የማይበትን ፔን እዘጋለሁ ብዬ ባክአፕ እየሠራ ያለውን ጎረቤቱን ድርግም አደረግኩት። ያን ያዘዝኩባትን መስመር ወዲያው ከኮንፊጉ (ከማስተካከያ ፋይሉ) ሰረዝኩ፤ ፋይሉንም ሶርስ-ፋይል በሚባለው ትእዛዝ እንደገና አስነበብኩት። ተገላገልኩ አልኩ። ከሳምንት በኋላ ኤክስን ስነካ አሁንም ሳይጠይቅ ዘጋው።

ፋይሉን ከፍቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መስመሯ የለችም። ተርሚናሉን ዘግቼ ከፈትኩ። ያው ነው። በመጨረሻ ነው የገባኝ። ቲመክስ ኮንፊጉን በራሱ የሚያነበው ሰርቨሩ ሲነሳ ብቻ ነው። በሶርስ-ፋይል ስታስነብቡት ደግሞ የተጻፈውን ይፈጽማል እንጂ የተሰረዘውን አያፈርስም። የሌለ መስመር ምን ብሎ ይነግረዋል? መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ኪል-ሰርቨር ብሎ ሁሉንም መግደል፤ ያን ጊዜ የሚሮጠው ሥራ ሁሉ አብሮ ያልቃል። ወይ ደግሞ የድሮውን ጠባይ በግልጽ መልሶ መጻፍ፣ ማለትም ኤክስን አስቀድሞ ከሚጠይቀው ከኮንፈርም-ቢፎር ትእዛዝ ጋር ማሰር። እኔ ሁለተኛውን አደረግኩ።

ይህን ከያዛችሁ ግማሹ የቲመክስ ጣጣ ይፈታላችኋል። ለምሳሌ ወደ ኋላ የሚያስታውሰው 2,000 መስመር ብቻ ስለሆነ ሂስትሪ-ሊሚቱን 50,000 አደረግኩት። ምንም አልተለወጠም። ለካ የሚሠራው አዲስ ለሚከፈት ፔን ነው፤ የነበረው በነበረበት ይቀጥላል። ሌላ ቀን ደግሞ ቲመክስን አሻሽዬ፣ አዲሱን ኦፕሽን ስጽፍ «አላውቀውም» አለኝ። ቨርዥኑን ስጠይቀው አዲሱን ቁጥር ይነግረኛል። የሚመልሰው ደንበኛው ነዋ! ሰርቨሩ ከወር በፊት የተነሳው አሮጌው ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የኤስኤስኤች ቁልፍ ነገር ነው። ማታ ዲታች አድርጌ (ቲመክስን እየሠራ ትቼ) ሄድኩ። ጠዋት ገብቼ አታች አደረግኩና ኮድ ለማውረድ ጊት ፑል ስል «ፈቃድ የለህም»። ቁልፉን ቀየርኩ፣ ሌላ ሰው አስቸገርኩ፣ ግማሽ ቀን ሄደ። ቁልፉ ምንም አልሆነም ነበር። ትናንት የተከፈተው ሼል (ትእዛዝ ተቀባዩ) የኤጀንቱን፣ ማለትም ቁልፉን የሚይዘውን ፕሮግራም፣ የትናንት አድራሻ ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ያ አድራሻ ግን ማታ ስወጣ ጠፍቷል። አዲስ ዊንዶው ስከፍት ሠራ። እንግዲህ መላው ይኸው ነው፦ አዲስ ዊንዶው ክፈቱ። በየቀኑ የሚገጥማችሁ ከሆነ አድራሻውን በአንድ ቋሚ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል በሚጠቁም አቋራጭ) በኩል አድርጉት።

ከቀሩት ቅሬታዎች ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ተጠቃሚ የሚያውቀው አለ። ከቲመክስ 3.5 በፊት ባሉት ቨርዥኖች ኤስኬፕ ስትጫኑ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ቀስት ቁልፎችና ኦልት የሚላኩት በኤስኬፕ ጀምረው ስለሆነ ቲመክስ «ተከታይ ይኖር ይሆን?» ብሎ 500 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ኤስኬፕ-ታይምን 10 አድርጉት፣ በቃ። ከ3.5 ወዲህ ዲፎልቱም 10 ሆኗል፤ ይህን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መቆየቱ ግን ይገርመኛል። ቀለሙ ከተበላሸ ዲፎልት-ተርሚናሉን ቲመክስ-256ከለር በሉት። ከሰው ኮንፊግ ላይ ኤክስተርም-256ከለር የሚለውን እንዳትቀዱ፣ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አማርኛ ፋይል ከፍታችሁ ፊደሉ ሁሉ የሰረዝ ሰልፍ ከሆነ ደግሞ ፎንት አትውቀሱ። ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 ስላልሆነ ነው።

ማበጃጀቱ ላይ ቁጥብ ነኝ። ድሮ ኮንፊጌ 200 መስመር ነበር፣ ከታች የባትሪውንም የሰዓቱንም ነገር ያሳየኝ ነበር። አሁን 15 አይሞላም። ፕሪፊክሱን ከኮንትሮል-ቢ ወደ ኮንትሮል-ኤ ቀይሬያለሁ፤ ጣት አይዘረጋም። ዋጋ አለው ግን፤ ሼሉ ውስጥ ወደ መስመር መጀመሪያ ለመሄድ ሁለቴ መጫን ግድ ነው። ለመክፈል | እና - አድርጌያለሁ፤ ፐርሰንትና ጥቅስ የትኛው ወዴት እንደሚከፍል እስካሁን አይያዝልኝም። አዲሱ ፔን እኔ ባለሁበት ፎልደር እንዲከፈት ያደረግኩበት መስመር ከሁሉም ይበልጥብኛል። ማውዝም አብርቻለሁ። ጽሑፍ በማውዝ መርጣችሁ ኮፒ አልሆን ካለ ሺፍትን ይዛችሁ ሞክሩ፣ በብዙ ተርሚናል ይሠራል።

ማሽኑ ሪስታርት ሲሆን ግን አልሞት ባይነቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ሪሰረክት የሚባል ፕላግኢን አለ፤ የዊንዶውና የፔን አቀማመጡን ይመልሳል፣ ይሮጥ የነበረውን ሥራ ግን ካቆመበት አያስቀጥልም።

ባለፈው ወር አንድ ሰርቨር ላይ 2 ቀን የሚፈጅ ግልበጣ ትቼ ስመለስ ቲመክስ «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» አለኝ። ሆዴ ቦጭ አለ። አዲስ ሴሽን ከመክፈቴ በፊት ግን ፕሮሰሶቹን አየሁ። አለ! ቲመክስም አለ፣ ሥራዬም ይሮጣል። አንድ የጽዳት ስክሪፕት ቲምፕ በተባለው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያለችውን፣ ደንበኛው ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝባትን የሶኬት ፋይል ጠርጎ ነው፤ ቤቱ አለ፣ በሩ ጠፍቷል። ለሰርቨሩ ፕሮሰስ ዩኤስአር1 ሲግናል ላክሁለት። በሩን መልሶ ሠራው። አታች አልኩ፣ ግልበጣው 94 ፐርሰንት ላይ ነበር።