«አትግዙ» ብለው ገንዘባችንን ላዳኑልን የቸርችል ጎዳናው የካሜራ ጠጋኝ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ሰው ምስጋና ለማድረስ ነው። ካሜራ ለመግዛት ወይም ለማስጠገን የምታስቡ ሁሉ ደግሞ ከኪሳችሁ አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እርሳቸው ጋ እንድትደርሱ ለመለመን ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ አደራ ስላሉኝ አልጽፍም፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ፣ ድሮ «የሰይጣን ቤት» ይባል ከነበረው ሲኒማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ካሜራ ይጠግናሉ። ቀድሞ ፒያሳ ነበሩ፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነው ወደዚህ የወረዱት። «ካሜራ የሚሠሩት አባት» ብላችሁ ብትጠይቁ በር ላይ የተቀመጡት ሊስትሮዎች ሳይቀሩ ያሳዩአችኋል።

እኛ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አካባቢ የምንማር፣ አጫጭር ፊልሞችን የምንሠራ ተማሪዎች ነን። እኔ የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የራሳችን ካሜራ እንዲኖረን ብለን በየወሩ እንደ እቁብ እናዋጣ ነበር፤ ልዩነቱ እጣው ለማንም አለመውጣቱ ነው። ምሳውን እየዘለለ ያዋጣ አለ። የታክሲ ገንዘቧን ለማዳን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ስድስት ኪሎ ድረስ በእግሯ የምትመላለስ ልጅም አለችን። ከዚያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያጠራቀምነው ብር ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ የሚገዛው ነገር በግማሽ ቀነሰ። የካሜራ ዋጋ ደግሞ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው። በዚያ ሰሞን ስብሰባችን ላይ የሚናገር ሰው አልነበረም።

እስከዚያ ድረስ የምንሠራው በኪራይ ነበር። ተማሪ ሆኖ አከራይ ፊት መቆም ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ የደረሰበት ያውቀዋል። መታወቂያ አስይዙ፣ ዋስ አምጡ፣ ማስያዣ ቁጠሩ። ይህ ደንብ ነው፣ አይከፋንም። የከፋን ሌላ ነው። አንድ ቦታ ዕቃውን ስንመልስ ሰውየው ካሜራውን ወደ መብራት አዙሮ «ይህ ጭረት አልነበረም» አለን። ጭረቱ ነበር። ስንረከብ ፎቶ አንስተነዋል። ፎቶውን ስናሳየው «ፎቶ ማስረጃ አይሆንም» ብሎ ማስያዣችንን በሙሉ አስቀረው። ደረሰኝ ብንጠይቅ ሳቀብን። በእግሯ የምትመላለሰው ልጅ እዚያው በር ላይ አለቀሰች። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ሌላው ደግሞ «ከዱባይ በሰው አስመጣላችኋለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀበለንና ስልኩን ዘጋ። ከብዙ ልመና በኋላ ግማሹን መለሰ፤ ግማሹን እስካሁን እየጠበቅን ነው። ያገለገለ ሌንስ የሸጠልንም ነበር። «እጅ ያልነካው ነው» ብሎ በእናቱ ማለ። እኛም ምስሉ ለምን ጭጋግ እንደሚለብስ ስንጨቃጨቅ ወራት አለፉ። ካሜራው ነው የሚል አለ፣ ካሜራ የሚይዘው ልጅ ነው የሚል አለ። በዚሁ የተነሳ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ተኳረፉ፤ ቡድኑም ሊበተን ደርሶ ነበር።

ጋሼ ጋ የደረስነው ያንን ሌንስ ይዘን ነው። ሌላ ቦታ «ለማየት ብቻ» ገንዘብ ተጠይቀን ስለነበር ገና ሳንገባ ዋጋ ጠየቅን። «ሳላየው እንዴት ዋጋ እነግራችኋለሁ?» አሉና ከመሳቢያቸው ትንሽ ባትሪ አውጥተው ከሌንሱ ጀርባ አበሩበት። «ኑ፣ በተራ በተራ እዩ» አሉን። መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል ተዘርግቷል። «ሻጋታ ነው። እርጥበት ያለበት ቦታ ተዘግቶበት የከረመ ዕቃ ነው። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት የነበረ ነው፤ የያዘው ልጅ ምንም አላጠፋም» አሉ። የተኳረፉት ሁለቱ ልጆች እዚያው ጠረጴዛው ዳር ተያዩ፤ ወዲያውም ተቃቀፉ። ጋሼ ስለ ጠባቸው ምንም አያውቁም ነበር።

ሲፈቱት ቆመን አየን። ነጭ ጨርቅ አነጠፉ፤ በላዩ ላይ ፕላስተር በሰፊው ለጠፉ። የመጀመሪያዋን ብሎን አውጥተው ፕላስተሩ ላይ አጣበቋትና ከጎኗ በእርሳስ ፩ ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ፪፣ ቀጥሎ ፫። ጤፍ የማታህል ብሎን እንኳ የራሷ የግዕዝ ቁጥር አላት። «የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ በዚህ ቁጥር ስጽፍ አይሳሳትብኝም» አሉን። እየጠረጉ ሲመልሱ ከመጨረሻው ቁጥር ጀምረው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ነው። አንዲት ብሎን ሳትተርፍ ተገጠመ። የጠየቁን ገንዘብ ያ ሌላ ሰው ለማየት ብቻ ከጠየቀን ያነሰ ነው።

ካሜራ ልንገዛ እንደሆነ ነገርናቸው። ያሰብነው ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬ የተባለውን፣ 4ኬ የሚሉትን እጅግ የጠራ ምስል የሚቀርጸውን ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 1,295 ዶላር ነበር፣ የፊልም ተማሪ ሁሉ የሚመኘው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ ካሜራ እርሳቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ እንዲሸጡለት አስቀምጦት የሄደ ነው፤ ቢሸጡት ድርሻ ያገኛሉ። እኛም እዚያው ለመክፈል ዝግጁ ነበርን። ጋሼ ግን «አትግዙ» አሉን።

«ጥሩ ካሜራ ነው፣ ስሙን አላጠፋም። ለእናንተ ግን አይሆንም» አሉና ጥያቄ ጀመሩ። ስንት ባትሪ ትገዛላችሁ? አንዱ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። የቀረጻችሁትን የት ታስቀምጣላችሁ? ጥራቱን ጠብቃችሁ አንድ ሰዓት ብትቀርጹ ከመቶ ጊጋባይት በላይ ነው፤ ያን የሚችል ፈጣን ካርድ ወይም ዲስክ፣ ያን የሚያነብ ኮምፒውተር አላችሁ? ውጭ ስትቀርጹስ? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋን የሚቀንስ ፊልተር ካሜራው ውስጥ የለውም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው። በመጨረሻ «ፊልማችሁን የምታሳዩት የት ነው?» አሉ። በአዳራሽ ፕሮጀክተርና በዩቲዩብ አልናቸው። «የአዳራሹ ፕሮጀክተር 4ኬ ያሳያል?» መልስ አልነበረንም።

በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ጻፉልን። ካሜራው አንድ መስመር ነበር፤ ከሥሩ ግን ባትሪው፣ ካርዱ፣ ዲስኩ፣ ፊልተሩ፣ የሌንስ ማያያዣው ተደርድሮ ድምሩ ካለን ገንዘብ እጅግ አለፈ። ድምፅ ደግሞ ገና አልተጻፈም። «ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳችኋል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሳችሁም። መጀመሪያ ማይክ፣ ቀጥሎ መብራት፣ ካሜራው ሦስተኛ ይሁን» አሉ። ያን ወረቀት አሁንም በቡድኑ መዝገብ ውስጥ ይዤዋለሁ።

እርሳቸው የመከሩን ካኖን ሲ100 የተባለውን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ስለሆነ ዛሬ ብዙ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። በጊዜው ግን ከስድስት ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ያገለገለው ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ይገኛል። 4ኬ አይቀርጽም፣ ይህን ደጋግመው ነገሩን። ሆኖም ብርሃን የሚቀንሰው ፊልተር አብሮት የተሠራ ነው፤ በጣት ማዞር ብቻ ነው። ሙያተኞች የሚጠቀሙበት ማይክ እጀታው ላይ ይሰካል። አንድ ተራ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀርጽበታል። እነዚያ ሁለቱ ልጆች የተጣሉበት ሌንስም ያለ ምንም ማያያዣ ይገጥመዋል። ስለ ዳሳሹና ስለ ቀለሙ የተነጋገሩትን ካሜራ የሚይዙት ልጆች ይጠየቁ፤ እኔ የተረዳኝ ገንዘባችን እንደሚበቃ ነው።

እርሳቸው ጋ ግን ካሜራው አልነበረም! ስልካቸውን አንስተው የሰርግ ቪዲዮ ለሚሠራ ደንበኛቸው ደወሉ። የሰርግ ደንበኞች ሁሉ 4ኬ ስለሚጠይቁ ሰውየው ዕቃውን ሊቀይር እንደሆነ ያውቃሉ። ሻጩ ሲመጣ ጋሼ ለእኛ ቆመው መረመሩልን። ሌንሱን ከድነው ጥቁር አስቀረጹና ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጥብ እንዳለ በማጉያ መነጽር ፈለጉ። ሁለቱንም የካርድ ቦታዎች ሞከሩ። ጆሯቸውን አስጠግተው የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጡ። እጀታው ላይ ማይክ ሰክተው እያወራን ቀረጹ፤ ያለዚያ እጀታ የሙያተኞቹ ማይክ መሰኪያ እንደማይኖረው የነገሩን ያኔ ነው። ከዚያ ዋጋውን እርሳቸው ራሳቸው ተከራክረው አስቀነሱልን። የድለላ ብለን ልንሰጣቸው ስንል «ደላላ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ የእውነት ተቆጡ።

በተረፈው ገንዘብ ደህና ማይክ ገዛን፣ የጆሮ ማዳመጫ ገዛን፣ ሁለት መብራትና ጠንካራ ትራይፖድ ገዛን። ለኤዲቲንግ ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ቅጂ እንዳለው ያስታወሱን እርሳቸው ናቸው፤ በዚያው ነው የምንሠራው። ከዚያ ወዲህ ለኪራይ የከፈልነው የለም።

ይህ ሁሉ ለምስጋና ይበቃ ነበር። እኔን እንቅልፍ አሳጥቶ ይህን ያስጻፈኝ ግን የአንድ እሑድ ነገር ነው።

ለገሃር የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ለመቅረጽ ፈቃድ ያገኘነው ለዚያ እሑድ ብቻ ነበር። ተዋንያኑ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ካሜራው አልበራ አለ። ባትሪ ቀየርን፣ አልበራም። የሚደወልለት ሌላ ሰው ስላልነበረን በጭንቀት ለጋሼ ደወልን። አላነሱም። ጥቂት ቆይተው መልሰው ደወሉ፤ ለካ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። «ሱቁ ጋ ጠብቁኝ» አሉ። ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው መጡ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው የካሜራውን ባትሪ መቀመጫ በዚያችው ትንሽ የእጅ ባትሪ አዩት። አንዷ ቀጭን ብረት ጎብጣለች። በወረንጦ ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቀስ ብለው አቀኗት። በራ። ከመካከላችን እልል ያለችም ነበረች።

ገንዘብ ስንዘረጋ እጃችንን መለሱት። «ዛሬ ሰንበት ነው። በሰንበት ሥራ አልሠራም፤ ልጆቼን ነው የረዳሁት። ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ» አሉን። ሄድን፤ ያን ቀን ያሰብነውን ሁሉ ቀረጽን።

እናቴ ፊልም ሥራ ነው ብላ አታምንም። በየወሩ የማዋጣው ገንዘብ ሜዳ ላይ የሚፈስ ነበር የሚመስላት፤ የቀብዱን ታሪክ ስትሰማማ ለብዙ ቀን አላነጋገረችኝም። የእሑዱን ስነግራት ግን ዝም ብላ ሰማችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ድፎ ዳቦ ጋግራ «ለእኚያ አባት አድርስልኝ» ብላ በኮባው ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጋሼም ቆርሰው ለጎረቤቱ ሁሉ አደሉት፤ ሊስትሮዎቹም ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቀረጻ እንዴት ሆነ ብላ ትጠይቀኛለች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንዎ አይድከም።

እናንተ ደግሞ እባካችሁ ሂዱ። የሰርግ ቀራጮች ሂዱ፣ ፎቶ አንሺዎች ሂዱ፣ በተለይ ተማሪዎች፣ ገንዘባችሁን ለማንም ከመቁጠራችሁ በፊት ሂዱና ጠይቋቸው። ለመጠየቅ አያስከፍሉም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይከፍታሉ፤ በምሳ ሰዓት ዝግ ሆኖ ብታገኙት ጥቂት ጠብቁ፣ ሩቅ አይሄዱም። ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ከሆነ ሻጩንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ጋሼ ፊት አልቀርብም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግዢውን ተዉት። ባትሪውን፣ ቻርጀሩንና እጀታውን አብራችሁ መያዝ እንዳትረሱ፤ ሳያዩ አይመክሩም።