የጉግል ኧርዝ «ታይምላፕስ» የአፈራችንን ታሪክ ምን ያህል ያሳያል?
በጉግል ኧርዝ ውስጥ በነፃ የሚገኘው «ታይምላፕስ»፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ የተነሡ የሳተላይት ምስሎችን በየዓመቱ አንድ አንድ አድርጎ እያከታተለ የሚያሳይ አገልግሎት ነው። ከተማ ሲሰፋ ወይም ሐይቅ ሲሸሽ ለማየት እጅግ ምቹ ነው። እኔ የመዘንኩት ግን በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች አፈሩን ያጠበው የዝናቡ ጠባይ ነው ወይስ የመሬት አያያዛችን የሚለውን ለመመርመር በመርዳቱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ድክመት መነሻ ዓመቱ ነው። 1984 የ77ቱ ድርቅ የበረታበት ጊዜ በመሆኑ፣ ትግራይንና ወሎን ከዚያ ተነሥቶ የሚመለከት ሰው ቀጥሎ የሚያየው ልምላሜ ምን ያህሉ ከእርከንና ከንክኪ ነፃ ከተደረጉ ተራሮች፣ ምን ያህሉ ደግሞ ዝናቡ ከመመለሱ የመጣ እንደሆነ መለየት አይችልም። መራቆቱም ቢሆን የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ተራሮች ያኔም ዛፍ የራቃቸው እንደነበሩ ያሳያሉ። «በአያቶቻችን ዘመን ሁሉም ደን ነበር» ለምንል ሰዎች ይህ የሚመች ማስረጃ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ግን የክረምቱ መጥፋት ነው። አገልግሎቱ ደመና ያልጋረዳቸውን ምስሎች መርጦ ስለሚያዋህድ፣ በአብዛኛው የሚታየው የበጋ መልክ ነው። አፈሩ በብዛት የሚታጠበው ደግሞ በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰውና የለሰለሰው ማሳ ገና ቡቃያ ሳይሸፍነው ኃይለኛው ዝናብ ይወርድበታል። ያው ዝናብ ሣር በያዘ ተዳፋት ላይ ቢወርድ የሚወስደው አፈር እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ የዝናቡና የእርሻው ጉዳት ተነጣጥሎ የሚቆጠር ሳይሆን፣ ሁለቱ በሚገናኙባቸው ጥቂት ሳምንታት የሚወሰን ነው፤ እነዚያ ሳምንታት ግን በምስሉ ውስጥ የሉም።

የቆዩት ምስሎች አንዱ ነጥብ 30 ሜትር ስለሚሸፍን አብዛኛው ቦረቦር አይታይም። በጎጃም አንጄኒ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትን እርከኖች ለማየት ወደዚያው ፕሮግራም የቀድሞ ምስሎች ክፍል መዞር ያስፈልጋል፤ እዚያ ጥራቱ ግሩም ነው፣ ዘመኑ ግን አጭር ነው።

ለመምህራንና ለተማሪዎች፣ በተለይ የሐይቅንና የደንን ለውጥ ለማሳየት፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ስለ ቦረቦር አመጣጥ ለሚያጠና ሰው ግን የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጣሊያን አውሮፕላኖች ካነሷቸው ፎቶግራፎች ጀምሮ፣ «ታይምላፕስ»ን በመጨረሻ መክፈት ነው።