የእጮኛ ቪዛ ወይስ የትዳር ቪዛ? ወደ አሜሪካ ለሚያመለክቱ ጥንዶች ንጽጽር

በእኛ ቤት ሁለቱም መንገድ ተሂዶበታል። እኔ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የገባሁት በእጮኛ ቪዛ ነው። የታናሽ ወንድሜ ባለቤት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ተድራ፣ እኔ ከመጣሁ ከአራት ዓመት በኋላ በትዳር ቪዛ መጣች። ሁለታችንም ዛሬ ሜሪላንድ ነን፤ ልጆቻችንም አብረው ያድጋሉ። የደረስንበት ቦታ አንድ ቢሆንም የመጣንበት መንገድ ግን በጣም ይለያያል። ዘመድ ወዳጅ ደውሎ «የቱ ይሻላል?» ሲለኝ የምመልሰውን ነው እዚህ የማሰፍረው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የወንጀል ጥፋት፣ ቀድሞ የተከለከለ ቪዛ ወይም በሕግ ያልፈረሰ የቀድሞ ትዳር ያለበት ሰው ፎርም ከመሙላቱ በፊት ጠበቃ ያነጋግር።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፤ ሠርጉ ኢትዮጵያ ውስጥ ሊደገስ የታሰበ ከሆነ ተጋቡና በትዳር ቪዛ አመልክቱ። የእጮኛ ቪዛ የሚሻልባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱንም እጠቅሳለሁ።

በመጀመሪያ ማን በየትኛው ማመልከት እንደሚችል ይለይ። ኬ-1 የሚባለውን የእጮኛ ቪዛ መጠየቅ የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ጥንዶቹ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል መገናኘት አለባቸው፤ በቪዲዮ መተያየት አይቆጠርም። የትዳር ቪዛን ግን ዜጋውም ግሪን ካርድ ያለውም መጠየቅ ይችላሉ። አመልካቹ ዜጋ ከሆነ የቪዛ ወረፋ የለም። ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ጉዳዩ ኤፍ2ኤ በሚባል ምድብ ውስጥ ገብቶ ተራ ይጠብቃል።

ርካሽ የሚመስለው

በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በጸናው የክፍያ ዝርዝር መሠረት የእጮኛ ማመልከቻው፣ ማለትም አይ-129ኤፍ፣ 675 ዶላር ነው። የቪዛው ክፍያ 265 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ቆሞ የሚደምር ሰው 940 ዶላር ያገኝና ርካሹን መንገድ የመረጠ ይመስለዋል። እጮኛዋ መጥታ በ90 ቀን ውስጥ ከተጋቡ በኋላ ግን ለግሪን ካርድ አይ-485 መግባት አለበት፤ እሱ ብቻውን 1,440 ዶላር ነው። ድምሩ 2,380 ይሆናል። ካርዱ እስኪመጣ ለመሥራት ፈቃድ ከተፈለገ 260፣ ከአገር ወጥቶ ለመመለስ ፈቃድ ከተፈለገ ደግሞ 630 ይጨመራል።

በትዳር ቪዛ መንገድ የመጀመሪያው ማመልከቻ፣ ማለትም አይ-130፣ በኢንተርኔት ከገባ 625፣ በወረቀት ከገባ 675 ዶላር ነው። ከዚያ ሰነዱን የሚሰበስበው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ለቪዛው 325፣ ለገቢ ዋስትናው ፎርም 120 ይጠይቃል፤ ለግሪን ካርዱ ደግሞ 235 ይከፈላል። በኢንተርኔት ላመለከተ ሰው በጠቅላላው 1,305 ዶላር ማለት ነው። የሕክምና ምርመራ፣ የሰነድ ትርጉምና የፖሊስ ማስረጃ ወጪ በሁለቱም መንገድ አለ። ክፍያዎቹ ስለሚለወጡ በምትልኩበት ቀን የሚሠራበትን ዋጋ አረጋግጡ፤ ክፍያው ከተሳሳተ ሙሉ ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙ ሰው ወደ እጮኛ ቪዛ የሚያዘነብለው በገቢ መስፈርቱ ምክንያት ነው። ለእጮኛ የሚታየው የገቢ ወለል በፌደራል መንግሥቱ የድህነት መለኪያ ልክ ሲሆን ለትዳር ግን የዚያ 125 በመቶ ያስፈልጋል። በ2025ቱ መለኪያ ሁለት ሰው ላለበት ቤት 21,150 እና 26,437 ዶላር መሆናቸው ነው። ነገር ግን የእጮኛ ቪዛ ይህን ሸክም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሠርጉ በኋላ አይ-485 ሲገባ ያው የ125 በመቶ የገቢ ዋስትና ፎርም፣ አይ-864፣ ይጠየቃል። ገቢው የማይሞላ ሰው በትዳር መንገድ ሌላ ሰው አብሮት እንዲፈርም ማድረግ ይችላል። ያ ፊርማ ግን ቀላል አይደለም። የመጣችው ሚስት ዜግነት እስክታገኝ ወይም አሥር ዓመት ያህል የሥራ ዘመን እስኪቆጠርላት ድረስ ያስራል፤ ጥንዶቹ ቢፋቱም አይፈታም። ጓደኛውን ለምኖ የሚያስፈርም ሰው ይህን ሳይደብቅ ይንገረው።

ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ

የእጮኛ ቪዛ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ በብሔራዊ የቪዛ ማዕከል በኩል ያለው የሰነድ መሰብሰብ ሥራ ስለሌለበት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ቃለ መጠይቅ ላይ ያደርሳል። እኔንም የሳበኝ ይኸው ነበር። በመጣሁ በአምስተኛው ሳምንት በአውራጃው ፍርድ ቤት በሁለት ምስክር ፊት ተጋባን። እናቴ በስልክ እልል አለች። ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር እልልታዋ የደረሰኝ ግማሹ ነው። ባለቤቴ ሊያጽናናኝ «አገር ቤት ስንሄድ እንደግሰዋለን» አለኝ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ወረቀቱ ከገባ በኋላ የሥራ ፈቃዱ እስኪደርስ ወራት ቤት ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ላይ በራሷ ደመወዝ ትኖር የነበረች ሴት ለአውቶቡስ ሳንቲም ባሏን መጠየቅ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። በዚያው መሀል አያቴ ዐረፈች። የመውጫ ፈቃዱ ገና አልደረሰም ነበርና ብሄድ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። አርባዋ ሲወጣ እኔ ሜሪላንድ ነበርኩ።

የወንድሜ ሚስት ዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ቪዛዋ ላይ ማኅተም ተመታበት። ያ ማኅተም ካርዱ እስኪመጣ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። በወሩ ሥራ ጀመረች። በዚያው ዓመት እናቷ ሲታመሙ ትኬት ቆርጣ ሄዳ አስታማ ተመለሰች፤ ፈቃድ የጠየቀችው ከአሠሪዋ ብቻ ነው።

ሽማግሌ፣ ቀለበትና ሠርግ

እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንሰናከለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። የእጮኛ ቪዛ የሚሰጠው ላልተጋቡ ሰዎች ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ልጁ ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት ሲመጣ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አሳስሮ፣ ጥሎሽ አቅርቦ፣ በዚያው ድንኳን ጥሎ ይድራል። ከዚያ «ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንምና በእጮኛ እናመልክት» ይባላል።

የማውቃቸው ጥንዶች እንዲሁ አደረጉ። ልጅቷ ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ ፍቅራቸውን ለማሳየት አልበሙን ይዛ ገባች። ጠያቂዋ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ቬሎ፣ ሚዜዎች፣ በማግስቱ ካባ ለብሰው የተነሡት የመልስ ፎቶ። አንዱ ላይ ቄስ ከፊታቸው ቆመው እየባረኩ ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» ስትባል በሙሉ ልብ «ሠርጋችን ነው» አለች። ፋይሉ ተመለሰ። በሕግ ተጋብተው በአይ-130 እንደ አዲስ ጀመሩ፤ ከዓመት በላይ ተጨመረባቸው።

ጠያቂዋ አልተሳሳተችም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸም። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። ስለዚህ «አልፈረምንም» ማለት «አልተጋባንም» ማለት አይደለም። ሽማግሌ መላክና ቀለበት ማሰር ለእጮኛ ቪዛ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዚያ ያለፈው ግን ለትዳር ቪዛ የሚሆን ማስረጃ ነው። በትዳር መንገድ ያ አልበም ሙሉ ጉልበት ነበረው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሲጨመርበት የሁለቱ ቤተሰብ ፎቶና በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ብዙ ይናገራሉ። በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው ማስረጃ አይሆንም።

በውክልና ስለ መጋባትም ይጠይቁኛል። የእኛ ሕግ ተጋቢዎቹ ራሳቸው እንዲገኙ ያዛል፤ በውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ በፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ጋብቻ የሚጸናው ከሥርዓቱ በኋላ ባልና ሚስት በአካል ተገናኝተው አብረው ከሆኑ ብቻ ነው። የትኬቱን ገንዘብ ለማትረፍ ብላችሁ ይህን አትምረጡ።

በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ለማግባት አስቀድሞ ማቀድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የጉዞውን ዓላማ ዋሽቶ ቪዛ ማግኘት ለዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

የእጮኛ ቪዛ የሚሻልበት

የመጀመሪያው ልጅ ሲኖር ነው። በእጮኛ ቪዛ ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ በእናቱ ማመልከቻ ተጠቃሎ ይመጣል። በዜጋ የትዳር ቪዛ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ያስፈልጋል፤ የእንጀራ ልጅ ከሆነም ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ ከቀድሞ ትዳሯ የ19 ዓመት ልጅ ላላት እናት ያለኝ ምክር ይገለበጣል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመፈረሟ በፊት የእጮኛን መንገድ ታስብበት። ከፈረመች በኋላ ያ በር ይዘጋል።

ሁለተኛው ዜጋው ለሠርግ መምጣት በማይችልበት ጊዜ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ተገናኝተው ከሆነና ዳግመኛ መጓዝ የማያስችል ሥራ ወይም ሕመም ካለ ኬ-1 ይጠቅማል። ሆኖም ከተከለከለ ይግባኝ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ይጀመራል። የትዳር ማመልከቻ ሲመለስ ግን መልስ መስጠትና ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ግሪን ካርድ ብቻ ላለው

ዲቪ ደርሶት ሄዶ በኋላ ያገባ ሰው ምርጫው አንድ ነው፤ በኤፍ2ኤ አስገብቶ ተራ መጠበቅ። አምስት ዓመቱ ሞልቶ ዜግነት ሲያገኝ የዜግነት ወረቀቱን ቅጂ ከላከ ጉዳዩ ወረፋ ወደሌለው ምድብ ይዛወራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኤፍ2ኤ ከእናታቸው ጋር የነበሩ ልጆች በዝውውሩ ከፋይሉ ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አይ-130 ካልገባ እናት ተጠርታ ልጆች ይቀራሉ። ዲቪ ሲሞላ ሚስት እያለው «ያላገባ» ብሎ የሞላ ሰው ደግሞ ያንኑ ጋብቻ ይዞ ከማመልከቱ በፊት ጠበቃ ዘንድ ይሂድ፤ የራሱ ግሪን ካርድ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባና ቀድሞ ያገባ ሰው ከገባበት ወይም ጥገኝነቱን ካገኘበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ባለቤቱን ለማምጣት በአይ-730 ቢያመለክት ክፍያ የለበትም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ በፕሬዝዳንት አዋጅ ወይም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ የተወሰኑ አገሮች ቪዛ ሊገታ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁና ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት የኤምባሲውን ማስታወቂያ አንብቡ።

የሁለት ዓመቱ ቀን

የትዳር ቪዛ ሁለት ስም አለው። አሜሪካ በሚገቡበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ሲአር-1 ይባላል፤ ካርዱ የሁለት ዓመት ነው። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የአሥር ዓመቱን ካርድ ለማግኘት በ750 ዶላር አይ-751 የሚባለው ማመልከቻ ይገባል፤ የትዳሩ ማስረጃም እንደገና ይሰበሰባል። ሁለት ዓመት ከሞላው አይአር-1 ነው፤ ካርዱ የአሥር ዓመት ሆኖ ይህ ሁሉ ይቀራል። የሚቆጠረው የገቡበት ቀን እንጂ ቪዛው የተሰጠበት ቀን አይደለም። በእጮኛ ቪዛ የመጣ ሰው የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመቱን ካርድ ነው።

ወንድሜ ያገባው በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፤ ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.። ትርጉም ቤቱ «ጃንዩዌሪ 20፣ 2016» ብሎ ጻፈው። ጥር 12 በአብዛኛው ዓመት ጃንዩዌሪ 20 ላይ ይውላል። በ2007 ግን ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች የ2008 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ቀኑም ሁሉ በአንድ ተገፋ። ትክክለኛው ጃንዩዌሪ 21 ነበር። ፎርሙ ላይ አንዱ፣ ትርጉሙ ላይ ሌላው ተጽፎ ቢሄድ አንድ ቀን ልዩነት ለማስረዳት ወር ይፈጅ ነበርና ትርጉሙን አሳረምን። በዚያው የስሟን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ በሁሉም ወረቀት ላይ አስተካከልነው።

ቪዛዋ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወጣ፤ ለስድስት ወር የሚያገለግል። ወንድሜ ለገና እንድትደርስለት ፈልጎ ነበር። ተቀምጠን ቀኑን ቆጠርንና ትኬቷን ጥምቀትን አሳልፋ፣ ሁለተኛው ዓመት በሞላ በሳምንቱ እንዲሆን አስቆረጥን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «ሁለት ዓመታችን ሞልቷል» ብላ የጋብቻ ወረቀቷን አሳየች። በፖስታ የመጣው ካርድ የአሥር ዓመት ነበር።