የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፦ መዋጮውና የሚሰጠው አገልግሎት

ወላጅ እናቴ በአማራ ክልል በሚኖሩበት ወረዳ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። አገልግሎቱን በቅርብ እንደተከታተለ ሰው ስመዝነው ጥቅሙ ከጉድለቱ ይበልጣል፤ ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም።

ኢኮኖሚው ወደ ገበያ ከዞረ በኋላ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ መንገድ ከፈተ። ይህም ተቋማቱን ቢደጉምም፣ ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ሆኖ የታመመ ገበሬ በግ ወይም ጥጃ ሸጦ ከመታከም አላዳነውም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው መድን መፍትሔ ያመጣው ለዚህ ነው፤ በእናቴ ቀበሌ መዋጮው የሚሰበሰበው እህል ጎተራ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ የአባልነት ደብተሩን የያዘ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ካርድ ክፍል ላይ ገንዘብ አይጠየቅም። መክፈል የማይችሉትን ድሆች ማኅበረሰቡ ራሱ ይመርጣቸዋል፤ መዋጯቸውንም መንግሥት ከበጀቱ ይሸፍንላቸዋል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው።

ችግሩ ያለው መድኃኒት ላይ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ ለደም ግፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ምርመራው በነጻ ተደረገላቸው፤ ፋርማሲው መስኮት ጋ ሲደርሱ ግን ከታዘዙላቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ «የሉም» ተባሉና ማዘዣውን ይዘው ከበሩ ማዶ ካለው የግል መድኃኒት ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዙ። መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒቱንም ከኪሱ የሚገዛ አባል ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት አላድስም ቢል አይፈረድበትም።

የመዋጮው ተመንም ያሳስበኛል። በእኛ ወረዳ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው አባወራና ማረሻ በሬ አጥቶ መሬቱን ለእኩል የሚሰጠው አባወራ ተመሳሳይ መዋጮ ይከፍላሉ። ደመወዝተኛውና ቀጣሪው እያንዳንዳቸው 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበበት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ገቢው ቋሚ የሆነው ሠራተኛ ከመዋጮ ውጭ ሲቆይ፣ ገቢው በዝናብ የሚወሰነው ገበሬ መድኑን ተሸክሟል። ገበሬውም ሳሙናና ቆርቆሮ በገዛ ቁጥር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላልና፣ የጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያ ከመንግሥት በጀት እንዲሞላለት መጠየቁ መብቱ ነው። አባል ያልሆናችሁ፣ የእድሳቱ ጊዜ ሳያልፍ ተመዝገቡ፤ መድኃኒት ሲታጣም ማዘዣውን ይዛችሁ ለወረዳው የመድን ክፍል በጽሑፍ አመልክቱ።